የ1968 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልሳችንን ሙሉ የኤሌትሪክ መስመር ኮምቦልቻ ላይ እንዴት እንደቀየርኩ

ነገሩ የጀመረው ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ሐምሌ ወር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት አልፏል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነበር። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሐረጎን በክረምት የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ከፊት ያለው አይሱዙ የሚታየው ልትደርስበት ስትል ነው። የፊት መብራቱን አበራሁ። ትንሽ እንደሄድን ደበዘዘ። ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ።

እናቴ ከኋላ ነበረች። «ልጄ፣ ከጀርባዬ የሆነ ነገር ይጨሳል» አለችኝ።

ዳር ይዤ አቆምኩ። እናቴን አወረድኳት። የኋላውን ወንበር አነሳሁት። ቮልስ ላይ ባትሪው ያለው እዚያ ነው፤ ከኋላ ወንበር ስር፣ በቀኝ በኩል። የኔጌቲቩ ማሰሪያ ቦሎን ላልቶ ስለነበር ኬብሉን በእጄ ነቀልኩት። ጭሱ ቆመ። ያ ቦሎን በደንብ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ቁልፍ ስፈልግ ምን ይፈጠር እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ቦሎን የሚፈታ ቁልፍ ከሾፌር ወንበር ስር አይጠፋም። አሮጌ መኪና ያላችሁ ሌላውን ሁሉ ባታነቡት እንኳ ይህቺን አድርጉ።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። በ1974 ዓ.ም. ከአንድ መምህር ነው የገዛት። እኔም እህቶቼም ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ነው። ስለዚህ «ሽጣትና ተገላገል» የሚለው ምክር ለእኔ አልሆነኝም።

በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ገልጬ አየኋት። ጭሱ የመጣው ከዋናው ቀይ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ኤሌትሪኩን ከኋላ ወደ ፊት የሚያደርስ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ካለው ላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍ በጎሚኒ መሸፈን ነበረበት። ጎሚኒው ደርቆ ወድቋል። የላሜራው ጠርዝ ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ በልቶት መዳቡ ጋ ደርሷል። አሁን ልብ በሉ፤ ያ ሽቦ ፋብሪካው ሲሠራው ጀምሮ ፊውዝ የለውም። ሌላው አብዛኛው በፊውዝ ሳጥን ያልፋል፤ እሱ ግን ገና ወደ ሳጥኑ እየሄደ ነው። ቦዲ ከነካ የሚያስቆመው ነገር የለም። እስኪቀልጥ ይነዳል። ቮልስ ላይ ደግሞ የቤንዚን ቱቦው ከኋላ ሞተሩ ጋ ነው፤ ሰልባትዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ከፊት ኮፈኑ ስር ነው። በሁለቱም ጫፍ ነዳጅና ሽቦ ጎረቤት ናቸው።

ይህን ካየሁ በኋላ ሌላውንም መመልከት ጀመርኩ። አስራ ሰባት ቦታ ሽቦ ተቀጥሎ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ሁለት ፊውዞች በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልለዋል። ለምን እንደተጠቀለሉ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ «መብራትህ ደካማ ነው» ብሎ 100 ዋት አምፖል አስገብቶልኝ ነበር። የፋብሪካው 45 ዋት ነው። ቮልስ ላይ የግራና የቀኝ መብራት፣ ረጅምና አጭሩም ጭምር፣ እያንዳንዱ የራሱ ፊውዝ አለው። ፊውዙ ነጭ ሲሆን 8 አምፔር ነው። 100 ዋትን ለ12 ቮልት አካፍሉት፤ 8.3 አምፔር ይመጣል። ፊውዙ ከአቅሙ በላይ ስለሚሠራ ቆይቶ ሊቃጠል ይችላል። ሲቃጠልባቸው ብርማውን ወረቀት ጠቀለሉበት። ሁለቱ አምፖሎች ደግሞ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው የሚያልፉት። ወደ 17 አምፔር የሚጠጋ ኤሌትሪክ ለግማሹ በተሠራ መስመር ይሄድ ነበር ማለት ነው። ሽቦው ሞቀ፣ ፕላስቲኩ ደረቀ፣ መብራቱም ጭራሽ ደከመ።

ሙሉ መስመር ይቀየር ወይስ የተበላሸው ብቻ ይጠገን የሚለውን ብዙዎች ይጠይቁኛል። እኔ የምለው ይህን ነው። ሦስት ቦታ ሽቦውን በጣታችሁ እጠፉት፤ ፊውዝ ሳጥኑ ጋ፣ ሞተሩ ጋ፣ የፊት መብራቱ ጀርባ። በሁለቱ ቦታ ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ አትጠግኑ። የደረቀ ሽቦ አንዱን ስትነኩት ሌላውን ይሰብራል። ከታጠፈ በኋላ ተመልሶ ለስላሳ ከሆነና የተበላሸው አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ያንን በደንብ ጠግኖ መተው ይበቃል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በኤሌትሪሺያንነት ያረጁ አንድ ሰው አሉ። አሁን ሥራ አቁመዋል። ቤታቸው ሄጄ የቡና ሰዓት ላይ ደረስኩ። ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ ሁሉንም ቆርጬ አውጥቼ እንደ አዲስ ልዘርጋ ብዬ ነበር» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አብሽር ልጄ፣ ግን እንዳትቆርጠው» አሉኝ። «አሮጌው መስመር ካርታህ ነው። ካርታውን ቀደህ ጥለህ መንገድ ልትጠይቅ ነው?»

ሥራውን ያቃለለልኝ ይህ ምክር ነው። አምስት ቅዳሜና እሁድ ፈጅቶብኛል። ከቆረጥኩት በኋላ ብጀምር ኖሮ አምስት ወርም አይበቃኝም ነበር።

መጀመሪያ የመኪናዋን ትክክለኛ ሞዴል ማወቅ ያስፈልጋል። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ሁልጊዜ አይታመንም። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ስር መሃል ላይ ላሜራው ላይ ተመትቷል። የእኛዋ በ118 ይጀምራል። 11 የመኪናው ዓይነት ነው፤ 8 ደግሞ የ1968 ሞዴል ማለት ነው። የሞዴሉ ዓመት የሚጀምረው ደግሞ ካለፈው ዓመት ኦገስት ነው፤ ስለዚህ የ1968 ቮልስ በ1967 መጨረሻም ተሠርታ ሊሆን ይችላል። ይህ ለምን ይጠቅማል? የመስመሩ ንድፍ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው። የፊውዙም ብዛት ይለያያል፤ የእኛዋ አስር አላት። የሌላ ዓመት ንድፍ ይዛችሁ ከሠራችሁ ትሳሳታላችሁ።

ሁለተኛው እፎይ ያልኩበት ነገር ቁጥሮቹ ናቸው። የጀርመን መኪና ማብሪያዎችና ሪሌዎች (በትንሽ ኃይል ታዘው ትልቁን ኃይል የሚያበሩና የሚያጠፉ ዕቃዎች) ላይ ትናንሽ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ለዓመታት አይቻቸው ምንም አልመሰለኝም ነበር። ለካ ደረጃቸውን የጠበቁ ናቸው። 30 ሁልጊዜ ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣ ነው። 15 ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ። 31 ማሳ፣ ማለትም ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ። 50 ወደ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻው) የሚሄድ። 56 የፊት መብራት፣ 58 የመኪና ማቆሚያና የኋላ መብራት፣ 49 ፍሬቻ፣ 61 የዲናሞ መብራት። የሽቦ ቀለሞቹም ትርጉም አላቸው። ቡኒ ማሳ ነው። ቀይ ከባትሪ ቀጥታ ነው። ጥቁር በቁልፍ የሚመጣ ነው። ነጭ ረጅም መብራት፣ ቢጫ አጭር መብራት፣ ግራጫ የኋላ መብራት። ጥቁር ላይ ነጭ መስመር ያለው የግራ ፍሬቻ፣ ጥቁር ላይ አረንጓዴ ያለው የቀኝ። ይህን ያወቀ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ምልክት ማድረጉ ላይ ጊዜ ስጡ። እኔ መጀመሪያ በስልክ ፎቶ ብቻ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አይበቃም። ሃምሳ ዓመት የቆየ ቡኒና ግራጫ ሽቦ በፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፌ አሰርኩበት። ዘይት ነክቶት ጠፋ። በሦስተኛው ያገኘሁት መፍትሔ ሠራ፦ በእርሳስ መጻፍና በላዩ ላስቲክ ፕላስተር መለጠፍ። እርሳስ በዘይት አይጠፋም። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፍኩ፤ ሽቦው የተነቀለበትን ዕቃና እዚያ ላይ ያለውን ቁጥር። ነቅላችሁ ከመጻፍ ጽፋችሁ ንቀሉ።

ሽቦ ፍለጋው ቀላል አልነበረም። ውጭ አገር ለዚህ ሞዴል ተሠርቶ ያለቀ መስመር ይሸጣል። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስለተመረተች ዕቃዋ አልጠፋም። ለእኔ ግን ዋጋውና የማስመጫው ጣጣ አልተቻለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄጄ ሽቦ በሜትር ገዛሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ የቤት ሽቦ አትጠቀሙ። የቤት ሽቦ አንድ ወፍራም ክር ነው። ግድግዳ ውስጥ ስለማይንቀሳቀስ ችግር የለውም። መኪና ውስጥ ግን ንዝረት አለ፤ ሲወዛወዝ ውሎ አድሮ ይሰበራል። የመኪና ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ነው። ሁለተኛ፣ ላዩን መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ገበያው ላይ አለ። ሲይዙት ቀለል ይላል። አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ ለሻጩ መልሱለት። ያ ሽቦ ይሞቃል፣ ይሰበራል፣ ቴርሚናል (የሽቦ ጫፍ ማያያዣ) ውስጥም ይላላል።

ውፍረቱን በተመለከተ፣ ለትናንሽ መብራቶችና ለፍሬቻ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለፊት መብራት 2.5፣ ከኋላ ወደ ፊት ለሚመጣው ዋና መስመር 6 ተጠቀምኩ። ከፋብሪካው ትንሽ ወፈር ይላል። ቀለም ሁሉንም አላገኘሁም፤ አምስት ቀለም ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሽቦ ሁለት ጫፍ ላይ ቁጥሩን ጽፌ ሲሞቅ የሚኮማተር ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ አለበስኩበት።

አሮጌውን መስመር ሳይቆረጥ ከመኪናዋ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ጥቅል በግራ በኩል ቦዲው ውስጥ በተዘጋ መተላለፊያ ነው የሚያልፈው። ስታወጡት ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ እሰሩ። አሮጌው ሲወጣ ሲባጎው ቦታውን ይይዛል። አዲሱን የሚስብላችሁ ያ ሲባጎ ነው። እኔ አዲሱን ስስብ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት፤ ተንሸራቶ ገባ። አንድ ሰው ከኋላ ይገፋል፣ አንድ ሰው ከፊት ይስባል። ታናሽ እህቴ ስትገፋ እኔ ሳብኩ። አዲሱን ስታስገቡ ሁለተኛ ሲባጎ አብራችሁ አስገቡና እዚያው ተዉት። ነገ አንድ ሽቦ መጨመር ቢያስፈልግ ትመርቁኛላችሁ።

አዲሱን መስመር የሠራሁት መኪናዋ ውስጥ አይደለም። ሰፊ ጣውላ ግቢ ውስጥ አስቀመጥኩ። አሮጌውን ጥቅል እንደ ነበረው ዘርግቼ መታጠፊያው ላይ ሁሉ ምስማር መታሁ። ከዚያ አዲሶቹን ሽቦዎች በአሮጌው ጎን አንድ በአንድ ዘረጋሁ። ጫፉ ላይ አስር ሳንቲ ሜትር ጨመርኩ። አሮጌ ቅርንጫፍ በሚወጣበት ቦታ አዲሱም እንዲወጣ አደረግኩ። ሲያልቅ በየስንዝሩ በክር አስሬ፣ ሙጫ በሌለው የፕላስቲክ ጥቅል ጠቀለልኩት። ናስትሮ የተጠቀምኩት ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ሞተር አካባቢ የናስትሮ ሙጫ በሙቀት ይቀልጥና አቧራ ይሰበስባል። ላሜራ ቀዳዳ ባለበት ሁሉ አዲስ ጎሚኒ ገባ። አንዱም አልቀረም። ችግሩ ከዚያ ነው የተነሳውና።

ያንን ፊውዝ የሌለውን ዋና ሽቦም እንደነበረ አልተውኩትም። ከኋላ፣ ከባትሪው ብዙ ሳይርቅ፣ 40 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው አስገባሁለት። አንዳንድ ወዳጆቼ «ኦርጅናሉን አበላሸህ» ይሉኛል። እናቴ ከዚያ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። በዚህ ጉዳይ አልከራከርም።

ቴርሚናሎቹን በመጭመቂያ ፒንሳ ነው የያዝኳቸው። በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ቴርሚናል ጎተት ስታደርጉት ይወጣል። ሁሉንም ጎትቼ ፈትሻለሁ። የወጡትን ጣልኩ።

ማሳውን አደራ። አሮጌ መኪና ላይ «መብራቱ ደከመ፣ ፍሬቻው አበደ፣ ክላክሱ አልሰማ አለ» ከሚባለው ችግር ብዙው የማሳ ነው። ቡኒ ሽቦ የታሰረበትን ቦታ ሁሉ ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ላሜራው እስኪያበራ ፈተግኩት። አስሬ ቫዝሊን ቀባሁት። ካምቢዮውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኝ ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ሽቦ አለ፤ የእኛዋ በዝገት ተበልቶ ጥቂት ክር ብቻ ቀርቶት ነበር። ሞተሩና ካምቢዮው በላስቲክ ላይ ስለተቀመጡ ከቦዲው ጋር በኤሌትሪክ የሚያገናኛቸው እሱ ነው። እሱ ከሌለ የሞተሪኖው ኃይል በሌላ መንገድ ይመለሳል፤ በነዳጅ ፔዳሉ ገመድ በኩል ሁሉ ሊሄድ ይችላል። ገመዱ ይግላል። የእኛዋ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖዋ የሚደክመው ባትሪ መስሎኝ ሁለት ባትሪ ቀይሬያለሁ። ባትሪው አልነበረም።

ዳሽቦርዱን ማገናኘት እንደፈራሁት አልነበረም። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ካርቶን ስታነሱ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። ቁጥሩን ከቁጥሩ ጋር ማገናኘት ነው።

አንድ ሽቦ ግን ለብቻዋ ላንሳት። ሰማያዊዋ፣ 61 ቁጥር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት የምታበራ ናት። ባለፈው ጥገና ተነቅላ ነው የተተወችው። ብዙ ሰው «ዲናሞ አይሞላም» ከማለት ውጪ ትርጉም አይሰጣትም። ቮልስ ላይ ግን የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ያለው ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ባትሪ መሙላት ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ሞተሩም አየር አያገኝም። ውኃ የሌለው ሞተር ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 600 ሜትር ሽቅብ ነው። ሐረጎን ግማሽ ላይ ቺንጋ ተበጥሶ መብራቷ ካልነገረቻችሁ ሞተሩን ታቃጥሉታላችሁ። ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው አቁሙ።

ባትሪውን ከማገናኘታችሁ በፊት ሽማግሌው ያስተማሩኝን አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። የፍሬን መብራት አምፖል፣ 21 ዋት፣ ሁለት ሽቦ ቀጥሉበት። ሁሉንም ነገር አጥፉ፤ በሮቹን ዝጉ። ኔጌቲቭ ኬብሉን ባትሪው ላይ አታስሩት። በኬብሉና በባትሪው ኔጌቲቭ መሃል አምፖሉን አስገቡ። ካልበራ ሰላም ነው። ደምቆ ከበራ አንድ ቦታ ሽቦ ቦዲ ነክቷል ማለት ነው። ዘዴው የሚደነቀው በአምፖሉ የሚያልፈው ከሁለት አምፔር ስለማይበልጥ ነው። ስህተት ቢኖርም ምንም ነገር አይቃጠልም።

የእኔ በራ። ደምቆ።

ልቤ ወደቀ። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። አንደኛው ሲነቀል አምፖሉ ጠፋ። የመኪናዋ የውስጥ መብራት መስመር ነበር። ሁለት ሰዓት ፈልጌ አገኘሁት፤ የመብራቱን ማቀፊያ ሳስር ብሎኗ አዲሱን ሽቦ ወግታው ነበር። ባትሪውን ቀጥታ አስሬው ቢሆን ፊውዙ ወዲያው ይቃጠል ነበር።

ለፊት መብራቶቹ ሁለት ሪሌ ጨመርኩ፤ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር። አሁን ማብሪያው የሚያዘው ሪሌውን ብቻ ነው። ትልቁ ኃይል በወፍራሙ ሽቦ ቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። 100 ዋቶቹን አውጥቼ 60/55 ዋት አስገባሁ። ከሥራው በፊት መብራቱ በርቶ አምፖሉ ጋ በቴስተር ስለካ 10.2 ቮልት ነበር። አሁን 12 ቮልት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ የአምፖል ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያን ሁሉ ዓመት መብራቴ በግማሽ ኃይሉ ነበር የሚሠራው። ትልቅ አምፖል ከመግዛቴ በፊት ቴስተር ይዤ ብለካ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

መስከረም ላይ እናቴን ይዤ ደሴ ሄድን። ስንመለስ መሽቶ ነበር፤ ሐረጎም እንደ ልማዱ ጉም ለብሷል። እናቴ ወሬዋን ሳታቋርጥ ቤት ደረስን።

የመስመሩን ንድፍ በእጄ ስዬ ከኮፈኑ ስር በፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጫለሁ። የትኛው ቀለም በየትኛው ቁጥር እንደተተካ ሁሉም አለበት። አሮጌው መስመር ደግሞ ከነምልክቱ ጓዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ወር አንድ የኮምቦልቻ ልጅ የአያቱን ቮልስ ሊሠራ መጥቶ ጣውላው ላይ ዘርግቶ ለክቶት ሄዷል። የእሱ በ119 ይጀምራል፤ የ1969 ሞዴል ነው። የኋላው ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ሽቦ ይለያያል፤ እሱን ለብቻ ጽፈንለታል።